የመንግሥት ገንዘብና የዲሲ አካባቢ ኢኮኖሚ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለ አበሻ ሰርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ሲገናኝ ወሬው አንድ ነው፦ «እናንተ ጋ ቀነሱ እንዴ?» ከዚያ ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎችም ይመሳሰላሉ። ደጋግመው የሚነሱትን እዚህ ለመመለስ ሞክረናል። ዓመቱና ወሩ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ መረጃውም እስከ 2025 መጨረሻ ያለውን ይይዛል።

የዲሲ አካባቢ ስትሉ እስከ የት ማለታችሁ ነው?

ከተማዋ ብቻዋን ያላት ነዋሪ 700 ሺህ ገደማ ነው። በኢኮኖሚ ግን ከጎረቤቶቿ ተነጥላ አትታይም። በሜሪላንድ በኩል ሞንትጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስና ፍሬድሪክ፣ በቨርጂኒያ በኩል አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስ፣ ላውደንና ፕሪንስ ዊሊያም አብረው ይቆጠራሉ፤ ሌሎች ትንንሾችም አሉ። ተደምሮ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድር ሰው ዲሲ ይሠራል፣ ዘመድ ጥየቃ አሌክሳንድሪያ ይሄዳል፤ አንዱ ጋ የተቆረጠ ደመወዝ ሌላው ጋ ገበያው ላይ ይታያል።

እውነት ይህ ሁሉ ሰው በመንግሥት ገንዘብ ነው የሚኖረው?

ሁሉም አይደለም፤ ግን ከሚመስለው በላይ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው በአራት መንገድ ነው።

አንደኛው ደመወዝ ነው። ከቅነሳው በፊት በአካባቢው ከ350 ሺህ በላይ የፌደራል ሠራተኛ ነበር፤ ከአሥር ሥራ አንዱ ማለት ነው። ዲሲ ከተማን ብቻ ከወሰድን ከአራት አንድ ይሆናል።

ሁለተኛው ኮንትራት ነው፤ ብዙ ሰው አሳንሶ የሚያየውም ይህንን ነው። ሬስተን፣ ማክሊንና ቤተስዳ ላይ ስማቸው ከሕንጻ አናት የሚነበብ ኩባንያዎች፣ እንደ ሎክሂድ ማርቲን፣ ጄኔራል ዳይናሚክስ፣ ቡዝ አለን፣ ሌይዶስ ያሉት፣ ዋናው ደንበኛቸው የፌደራል መንግሥት ነው። በ1980 ወደ አካባቢው ይገባ የነበረው የኮንትራት ገንዘብ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በታች ነበር። በ2010 ከ80 ቢሊዮን አልፏል። ላውደንና ፌርፋክስ ካውንቲዎች በቤተሰብ ገቢ ከመላው አሜሪካ ቁንጮ ላይ የተቀመጡት በዚህ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ነው። ይህን ገንዘብ የሚበላው ሰው «የመንግሥት ሠራተኛ ነህ?» ቢባል አይደለሁም ይላል፤ ባጁ ላይ ያለው የኩባንያ ስም ነውና። ውሉ ሲሰረዝ ግን ከመንግሥት ሠራተኛው ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው።

ሦስተኛው ድጎማና ፕሮግራም ነው፤ ለዩኒቨርሲቲና ለሆስፒታል የሚሰጥ የምርምር ገንዘብ፣ ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሚፈስ እርዳታ፣ ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን)። አራተኛው የቢሮ ኪራይ ነው። መንግሥት የራሱ ሕንጻ አልበቃው ብሎ በመሐል ከተማም በዳር ካውንቲም ብዙ ፎቅ ተከራይቷል።

ከእነዚህ አራቱ ጎን ደግሞ መንግሥት ያለበት መሆን የሚሻ ሁሉ ተኮልኩሏል፦ የሕግ ቢሮው፣ ሎቢስቱ፣ የሙያ ማኅበሩ፣ ኤምባሲው፣ ዓለም ባንክና አይኤምኤፍ።

የፌደራል ወጪ በየዓመቱ እየጨመረ ነው ይባላል። ታዲያ እኛ ጋ ለምን ይቀንሳል?

ሁለቱም እውነት ነው። የዚህን አካባቢ ኢኮኖሚ መረዳት የሚፈልግ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህችን ይያዝ።

የፌደራል መንግሥት በ2025 የበጀት ዓመት ያወጣው 7 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከቀደመው ዓመት ይበልጣል። ግን አብዛኛው የሚሄደው ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ)፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን)፣ ለሜዲኬድና ለዕዳ ወለድ ነው። ወለዱ ብቻ ወደ 1 ትሪሊዮን ተጠግቷል። የጡረታ ቼክ ፍሎሪዳም አይዋም ይደርሳል፤ የወለዱም ገንዘብ ቦንድ የያዘው ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ሁለቱም ዲሲን የሚያውቋት ቼኩ ሲፈረም ብቻ ነው።

ለእኛ አካባቢ ሥራ የሚፈጥረው ኮንግረስ በየዓመቱ ተከራክሮ የሚመድበው ገንዘብ ነው፤ የመሥሪያ ቤቶች ደመወዝ፣ የአይቲ ውል፣ የማማከር አገልግሎት፣ ምርምር። በጀት ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ መቀስ የሚነሣበት ይኸው ነው፤ ጡረታ መንካት ምርጫ ያሸንፋል ብሎ የሚያምን ፖለቲከኛ የለምና። በመከላከያ በኩልም ቢሆን ገንዘቡ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። መርከብና አውሮፕላን መግዣው ወደ ፋብሪካው ከተማ ይሄዳል፣ የኮምፒውተር ሥርዓቱና የቢሮ ሥራው ሰሜን ቨርጂኒያ ይቀራል።

ስለዚህ ዜና ላይ «በጀቱ በዚህን ያህል ቢሊዮን አደገ» ሲባል ወዲያው ደስ አይበልዎ፤ የትኛው ገንዘብ እንደሆነ ይጠይቁ። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ከፌደራል ሲቪል ሠራተኛው ከ80 በመቶ በላይ የሚሠራው ከዚህ አካባቢ ውጪ ነው። «መንግሥት 100 ሺህ ሰው ቀነሰ» ሲባል 100 ሺውም ጎረቤታችን ነው ማለት አይደለም። ግን ዋና መሥሪያ ቤቶችን ዒላማ ያደረገ ቅነሳ ሲመጣ ድርሻችን ከፍ ይላል።

ድሮ «ዲሲን የኢኮኖሚ ቀውስ አይነካትም» ይባል አልነበር?

ይባል ነበር፤ ከፊል እውነትም ነበረው። አካባቢው ያደገው ሌላው ሲጨነቅ ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የሩዝቬልት መንግሥት ሠራተኛ ቀጠረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፔንታገን ተሠራ፤ በ1943 ተጠናቀቀ። በ1980ዎቹ የሬጋን የመከላከያ በጀት፣ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ደግሞ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መቋቋም ገንዘብ አፈሰሰ። በ2008 እና 2009 ሀገሩ ሁሉ ሥራ ሲያጣ እዚህ የደረሰው ጉዳት ቀለል ያለ ነበር።

ያልተነካችበት ዘመን ብቻ ግን አይደለም። በ1990ዎቹ የክሊንተን አስተዳደር የፌደራል ሠራተኛ ቀንሷል። ያኔ ያዳነን ኢንተርኔት ነው፤ ኤኦኤል የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ነበር፣ የመንግሥት ሥራም ወደ ኮንትራት ዞረ። በ2011 ኮንግረስ የወጪ ጣሪያ ደነገገ፣ በማርች 2013 ደግሞ ሲኩዌስተር የተባለው በጅምላ የመቁረጥ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር በጀት ባለመጽደቁ መንግሥት ለ16 ቀን ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አካባቢው ለጥቂት ዓመታት ከሀገሪቱ አማካይ ወደ ኋላ ቀርቷል። ውድቀት አልነበረም፤ መንፏቀቅ ነበር። የ2013ቱ ጥቅሙ ለንጽጽር ነው፤ የበጀት ቅነሳ እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አሳይቶናል።

የ2025ቱ ከዚያ በምን ይለያል?

በፍጥነቱና በዒላማው። የ2013ቱ በሁሉም ላይ በትንሽ በትንሹ የተቆረጠ ነበር፤ ሥራው ግን በቦታው ቆየ። በ2025 መሥሪያ ቤት እንዳለ ተነሣ። የውጭ እርዳታ በጃንዋሪ 20 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ታገደ፣ በቀናት ውስጥ የሥራ ማቆሚያ ደብዳቤ ለኮንትራክተሮች ደረሰ፣ በጁላይ 1 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ መሥሪያ ቤት ዩኤስኤአይዲ በይፋ አበቃ። ከእሱ ጋር ዲሲ፣ አርሊንግተንና ቤተስዳ ላይ በእርዳታ ሥራ የሚተዳደሩ ድርጅቶች ሠራተኛ በገፍ አሰናበቱ። በመካከላቸው የእኛም ልጆች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ ሀገሮች ከፍተኛ እርዳታ ከሚያገኙት ግንባር ቀደም ስለነበረች አማርኛና ሀገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለግ ነበር።

በጃንዋሪ 28 ደግሞ ለሠራተኞች በሙሉ «ብትለቁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ደመወዝ እየተከፈላችሁ ትቆያላችሁ» የሚል ኢሜይል ተላከ። በዚህ መንገድ የለቀቀው ሰው በመላ ሀገሪቱ 150 ሺህ ያህል ነው። ስምምነቱ አንድ የሚያሳስት ነገር ነበረው፦ ሰውየው ሥራ ባይገባም ደመወዝ ስለሚያገኝ በስታቲስቲክሱ ላይ «ሠራተኛ» ሆኖ ቆየ። ስለዚህ በ2025 በጋ (ሰመር) «የተባለውን ያህል አልወረደም እኮ» ያሉ ሰዎች ያዩት የዘገየ ቁጥር ነበር። በኦክቶበር 2025 የፌደራል ሥራ ቁጥር በአንድ ወር ከ150 ሺህ በላይ ሲወርድ የሆነው ይኸው ነው።

በዲሲ ከተማ የሥራ አጥነት መጠን በ2025 አጋማሽ 6 በመቶ ደርሶ ከሀገሪቱ ከፍተኛው ሆኖ ነበር። የመንግሥታትን የመበደር ብቃት የሚመዝነው ሙዲስ በኤፕሪል የዲሲን፣ በሜይ የሜሪላንድን የብድር ደረጃ ከከፍተኛው ትሪፕል ኤ አንድ ዝቅ አደረገ። ሁለቱንም ሲያደርግ የጠቀሰው የፌደራል ቅነሳን ነው።

ማን ይበልጥ ይጎዳል፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ?

ጉዳቱ በሦስቱም አንድ ዓይነት አይደለም።

ዲሲ እጇ የታሰረ ከተማ ናት። የፌደራል መሬትና ሕንጻ ላይ ግብር መጣል አትችልም። በ1973 የወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ደግሞ ከተማው ውስጥ እየሠራ ሌላ ቦታ ከሚኖር ሰው የገቢ ግብር እንዳትወስድ ይከለክላታል፤ በዲሲ የሚሠራው አብዛኛው ሰው ደግሞ ማታ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው የሚሄደው። ከዚያ ሰው የሚቀራት ምሳ ሲበላ የሚከፍለው የሽያጭ ታክስና የቢሮ ሕንጻው የንብረት ግብር ነው። ኮቪድ ቢሮዎቹን ባዶ አደረጋቸው፤ ከአምስት ወለል አንዱ ተከራይ አጥቷል፣ ዋጋቸው ሲወርድ ግብሩም ወረደ። የከተማዋ የፋይናንስ ኃላፊ በፌብሩዋሪ 2025 ባወጡት ትንበያ በሚቀጥሉት ዓመታት ከተማው ውስጥ 40 ሺህ ያህል የፌደራል ሥራ እንደሚጠፋና በሦስት ዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ እንደሚጎድል አስልተዋል። የ2026 በጀቷም ሜዲኬድ የሚያገኙትን ሰዎች ጠበብ አድርጓል።

ሜሪላንድ በደመወዝ በኩል ትጎዳለች። ዲሲ ሄዶ የሚሠራው ነዋሪዋ ግብሩን የሚከፍለው ለሜሪላንድና ለካውንቲው ነው። ቀድሞም የ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የበጀት ጉድለት ነበረባት፤ በ2025 ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ላይ አዲስ የግብር እርከን፣ በአይቲና በዳታ አገልግሎት ላይ የ3 በመቶ ታክስ ጣለች። ሥራ በሚሸሽበት ሰዓት የአይቲ አገልግሎት ላይ ታክስ መጨመር በእኛ ግምት ጥሩ ጊዜ አልተመረጠለትም። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ለብቻው መነሣት አለበት። የጥቁር አሜሪካውያን መካከለኛ መደብ ቤት የገዛበት፣ ልጅ ያስተማረበት ካውንቲ ነው፤ መሠረቱም የፌደራል ደመወዝ ነበር። በ2023 የኤፍቢአይ ዋና መሥሪያ ቤት ካውንቲው ውስጥ ባለችው ግሪንቤልት እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። በ2025 ውሳኔው ተቀልብሶ ኤፍቢአይ ዩኤስኤአይዲ ወደነበረበት ወደ ሬጋን ሕንጻ እንዲገባ ተባለ፤ ለካውንቲው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበት ቀረ።

ቨርጂኒያ ብዙ ኮንትራክተር ስላላት ድንገተኛ ስረዛ በቶሎ ይሰማታል። ግን ኮንትራቱ ያጋደለው ወደ መከላከያና ስለላ ነው፤ በጁላይ 2025 የጸደቀው ትልቁ የታክስና የወጪ ሕግ ለመከላከያ 150 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጨምሯል። የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤትም ከዲሲ ለቆ ወደ አሌክሳንድሪያ እንደሚሄድ ተነግሯል። ከሦስቱ ቶሎ ታገግማለች ብለን የምንገምተው ቨርጂኒያ ናት። ከእሷ ውስጥም ሬስተንና ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ለመከላከያና ለስለላ የሚሠራው ይሻላል፣ ለጤና፣ ለትምህርትና ለውጭ እርዳታ መሥሪያ ቤቶች ይሠራ የነበረው ይከብደዋል።

አማዞንና ዳታ ሴንተሮቹ ክፍተቱን አይሞሉም?

በግብር በኩል ይረዳሉ፤ በሥራ በኩል ብዙም።

አማዞን በ2018 አርሊንግተንን ለሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲመርጥ 25 ሺህ ሥራ እፈጥራለሁ ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2023 ተከፈተ፣ ሁለተኛው ግንባታ እንዲቆይ ተደረገ፣ የተቀጠረውም ሰው ከግማሹ በታች ነው። ቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2022 ወደ አርሊንግተን አመጣ፤ የመጣው ግን መንግሥት አጠገብ ለመሆን ነው፤ እንዲህ ያለው መምጣት ጥገኝነቱን አይቀንስም።

አሽበርን ያሉት ዳታ ሴንተሮች፣ የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች የሚቀመጡባቸው ሕንጻዎች፣ ለላውደን ካውንቲ ወርቅ ናቸው። ከእነሱ በሚሰበሰበው ግብር ካውንቲው ከነዋሪው የሚወስደውን የቤት ግብር ዝቅ አድርጎ መያዝ ችሏል። ሲገነቡ ለኤሌክትሪሻንና ለግንባታ ሠራተኛ ብዙ ሥራ አለ። ተሠርተው ካለቁ በኋላ ግን የኳስ ሜዳ የሚያክል ሕንጻ ውስጥ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው። የሚበሉት መብራት ደግሞ የሁላችን ሂሳብ ላይ ይመጣል። የአካባቢውን የኤሌክትሪክ ገበያ የሚመራው ፒጄኤም በ2024 ባካሄደው ጨረታ ለ2025 የመጠባበቂያ ኃይል የወጣው ዋጋ ከቀደመው ወደ ዘጠኝ እጥፍ ዘሏል፤ አንዱ ዋና ምክንያት የዳታ ሴንተሮች ፍላጎት ነው። ፔፕኮና ዶሚኒየን የሚልኩት ሂሳብ በ2025 በጋ ለምን እንደጨመረ ለሚጠይቁን መልሱ በከፊል ይኸው ነው።

እኛ የተሻለ ተስፋ የምናደርገው በሕክምናና በባዮቴክኖሎጂ ነበር፤ ቤተስዳ ያለው የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች፣ ኋይት ኦክ ያለው የመድኃኒትና የምግብ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ፣ በ270 መንገድ ግራና ቀኝ እስከ ፍሬድሪክ ያሉት ኩባንያዎች። ይህም ቢሆን በመንግሥት የምርምር ገንዘብ ላይ የተሠራ ስለሆነ የ2025 ቅነሳ አላለፈውም።

እኔ ኡበር ነው የምነዳው፤ ባለቤቴ ዴይኬር አላት። እኛን ምን አገባን?

ደንበኛዎ ደመወዙን ከማን ያገኛል? እሱን ካወቁ መልሱን አገኙት።

ጠዋት ከሬጋን ኤርፖርት ወደ መሐል ከተማ ከሚሳፈረው ሰው ብዙው ውል ሊፈርም፣ ስብሰባ ሊቀመጥ፣ ኮንግረስ ሊያነጋግር የመጣ ነው። ሂሳቡን የሚከፍልለት ድርጅቱ ነው። ውል ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ጉዞ ነው። በዚያ ላይ ሥራ ያጣ ሰው መኪናውን ይዞ አፑን ይከፍታል፤ ተሳፋሪው ሲቀንስ ሹፌሩ ይበዛል። ፓርኪንግ ላይ የሚሠሩ ወገኖቻችን ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ዓመት አይተዋል፦ በጃንዋሪ 2025 የፌደራል ሠራተኛ በሙሉ ወደ ቢሮ ይመለስ ሲባል ጋራዡ ሞላ፣ ከዚያ ሰዉ ራሱ ሲቀነስ የወር ደንበኛው ቀረ።

ዴይኬር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማዋል። ከወላጆቹ አንዱ ቤት ከዋለ ልጁም ቤት ይውላል። ምግብ ቤት በኩል የሚጎዳው ይበልጥ የቢሮ ምሳና የድርጅት ግብዣ የሚያቀርበው ነው። የቅዳሜና እሑድ ገበያ ያለው፣ በራሱ ሰው የሚኖረው የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ ያለው የስካይላይን ምግብ ቤት ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠሩት፣ ሆም ሄልዝ የምንለው፣ ከፌደራል ቅነሳ የራቁ ይመስላቸዋል፤ ደመወዛቸው ግን በአብዛኛው ከሜዲኬድ ነው፤ በጁላይ 2025ቱ ሕግ ሜዲኬድ በሚቀጥሉት ዓመታት ይቆረጣል።

ስለ እቁብም አንድ ነገር እንበል። አሥሩም አባል አንድ ኤርፖርት ወይም አንድ ኩባንያ የሚሠራበት እቁብ ደህና ጊዜ ለመተማመን ይመቻል፤ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ግን አሥሩም በአንድ ሳምንት መክፈል ያቅታቸዋል። ዳኛው አዲስ እቁብ ሲጀምር አባላቱ ከተለያየ ሥራ ቢሆኑ ይመረጣል። ዕጣው ቀድሞ የሚወጣለት ሰው ዋስ ማስጠራቱም እንዲያው ለወግ መሆን የለበትም።

መንግሥት ሲዘጋ ገንዘቡ በኋላ ይከፈላል ይባላል። ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው?

የሚከፈለው ለመንግሥት ሠራተኛው ነው። በ2019 የወጣ ሕግ ሸትዳውኑ (መዘጋቱ) ሲያበቃ የቀረው ደመወዝ እንዲከፈል ያዛል። ኮንትራክተር ሆኖ ያጸዳ፣ የጠበቀ፣ ካፌቴሪያ ያበሰለ ሰው ግን ያመለጠውን ቀን መልሶ የሚሰጠው ሕግ የለም። ያልተበላ ምሳና ያልተሄደ ታክሲም በኋላ አይካካስም።

ከዲሴምበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 የነበረው 35 ቀን ነበር፤ ያኔ ረጅሙ ተባለ። በ2025 ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 የቆየው 43 ቀን ሆኖ በለጠው። በመጨረሻው ሳምንት የአየር ተቆጣጣሪ እጥረት ስለነበር በ40 ትልልቅ ኤርፖርቶች በረራ እንዲቀነስ ታዘዘ፤ ሬጋንም ደለስም የባልቲሞሩ ቢደብሊውአይም ውስጡ ነበሩ። ኤርፖርት ላይ የሚሠራ ሰው የዚያን ሳምንት ገቢ ያውቀዋል።

አሁን ቤት መግዛት ይሻላል ወይስ መጠበቅ?

ለሽያጭ የቀረበው ቤት በ2025 ጨምሯል፤ ገዢ የመደራደር አቅም አግኝቷል። «ዋጋው ግማሽ በግማሽ ይወርዳል» እያለ የሚጠብቅ ሰው ግን ረጅም ጊዜ የሚጠብቅ ይመስለናል። ብዙ ባለቤት በ3 በመቶ ወለድ የያዘውን ሞርጌጅ አልለቅም ብሎ ተቀምጧል።

በ2008 የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። አርሊንግተንና መሐል ዲሲ ብዙም አልተነቃነቁም፤ ፕሪንስ ዊሊያምና ፕሪንስ ጆርጅስ ግን ክፉኛ ወረዱ፣ ቤቱን ለባንክ ያስረከበ ወገንም ብዙ ነው። ከመሐል በራቀ ቁጥር መውደቁ ይበረታል። አንድ ሪልተር ስለ ወለድ ብቻ ቢያወራዎት፣ እርስዎ ራስዎን የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ የባልና የሚስት ደመወዝ ከአንድ ምንጭ ነው ወይ? ሁለቱም ኮንትራክተር ከሆኑ፣ በተለይ በአንድ መሥሪያ ቤት ውል ላይ ከሆኑ፣ በአንዱ ደመወዝ ብቻ ሊከፈል የሚችል ቤት ይፈልጉ። ባይገኝ ሌላ ዓመት መከራየት ውርደት አይደለም።

አይቲ ተምሬ የመንግሥት ኮንትራት ውስጥ ልግባ?

በሩ አልተዘጋም፤ ጠቧል። በመከላከያና በሳይበር ሴኩሪቲ ያለው ፍላጎት አለ፤ ለብዙ የመከላከያ ቦታዎች ሴኩሪቲ ፕላስ የተባለው ፈተና እንደ መነሻ ይጠየቃል። ግን ከመመዝገብዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ። ክሊራንስ (ምስጢራዊ ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ) ለማግኘት ዜግነት ያስፈልጋል፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ክሊራንሱንም ራስዎ አመልክተው የሚያወጡት አይደለም፤ ቀጣሪው ድርጅት ነው የሚያስጀምረው። «ክሊራንስ እናስወጣለን» ብሎ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ማሠልጠኛ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩ።

ከዚያ ሌላ በ2025 ከሥራ የወጡ የብዙ ዓመት ልምድና ክሊራንስ ያላቸው ሰዎች ለዚያው ቦታ ያመለክታሉ። ጀማሪ ሆነው ለሚገቡ ሆስፒታል፣ ባንክ፣ የካውንቲ መንግሥትና ዳታ ሴንተር የተሻለ መግቢያ ይመስሉናል። ነርስነትና ቴክኒሻንነት ደግሞ ዛሬም ሰው ይፈልጋሉ።

ወደ ሀገር ቤት የምልከውን ይነካዋል?

ገቢ ሲቀንስ መላኩም ይቀንሳል፤ ይህ ግልጽ ነው። ሌላው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 የጀመረው የ1 በመቶ ቀረጥ ነው። የሚመለከተው በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደርና በካሺየር ቼክ የሚላከውን ነው። ከአሜሪካ ባንክ ሂሳብዎ ወይም እዚህ ከወጣ ዴቢትና ክሬዲት ካርድ በቀጥታ ሲልኩ አይቆረጥም። ስለዚህ ሱቅ ሄዶ ጥሬ ገንዘብ የመስጠት ልማድ ያላቸውን አባትና እናት አፑን ማስለመድ ያዋጣል።

የሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ምን ይመስላሉ? ምን ልከታተል?

የእኛ ግምት የ2013ቱ ዓይነት መንፏቀቅ ነው፤ ከዚያ ጠንከር ያለና ረዘም ያለ። እንደ ዲትሮይት ያለ መፈራረስ አንጠብቅም። የተማረ ሰው፣ ሦስት ኤርፖርት፣ ሜትሮ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በቦታቸው አሉ፤ መንግሥትም ዋና ከተማውን ይዞ አይሄድም። ግን እንደ 2000ዎቹ በየዓመቱ የሚያብጥ የኮንትራት ገንዘብ ላይ ተመሥርቶ ዕቅድ ማውጣት አብቅቷል ብለን እናምናለን። የሕዝብ ግንባታዎች ጥቂት ይረዳሉ። ሲልቨር ስፕሪንግን አቋርጦ ከቤተስዳ ኒው ካሮልተን የሚሄደው ፐርፕል ላይን በ2027 መጨረሻ ወይም በ2028 መጀመሪያ ሥራ ይጀምራል ተብሏል። የኮማንደርስ፣ የከተማው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ አዲሱ ስታዲየም ዲሲ ባለው በአሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ለ2030 ታስቧል።

ለመከታተል፣ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 የበጀት ዓመት ሲገባ በጀቱ ጸድቋል ወይስ በጊዜያዊ ማራዘሚያ ነው የሚለውን ይዩ፤ በማራዘሚያ ጊዜ በአብዛኛው አዲስ ፕሮግራም አይጀመርም። በጋው ማብቂያ ላይ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር፣ መሥሪያ ቤቶች የተረፋቸውን በጀት ስለሚያወጡ የኮንትራት ሥራ ይነቃቃል። የዲሲ ፋይናንስ ቢሮ በየሦስት ወሩ የሚያወጣው የገቢ ትንበያም ከብዙ ዜና ይበልጥ ይናገራል።

ከሥራ ብወጣ የሥራ አጥ ክፍያ የት ነው የማመለክተው?

የሚያመለክቱት በሚሠሩበት ቦታ ነው፤ መኖሪያዎ የትም ቢሆን። ሜሪላንድ እየኖሩ ዲሲ ሲሠሩ ከነበረ ዲሲ ነው። የፌደራል ሠራተኛ ከነበሩም ሕጉ ያው ነው፤ በወረቀት የተመዘገበው የሥራ ቦታዎ ይወስናል። ሲወጡ የሚሰጥዎትን ኤስኤፍ 8 እና ኤስኤፍ 50 የተባሉ ቅጾች ይያዙ። ማመልከቻውን በዚያው ሳምንት ያስገቡ፤ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚከፈለው ጥቂት ነው። በ2025 በሦስቱም ቦታ ከፍተኛው ክፍያ በሳምንት ከ450 ዶላር በታች ነበር፤ ለዚህ አካባቢ ኪራይ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። በኡበርና ሊፍት ብቻ የሚሠሩ እንደ ግል ሠራተኛ ስለሚቆጠሩ በመደበኛው ሥርዓት አያገኙም። ቀድሞ በደመወዝ የሠሩበት ሩብ ዓመት ካለ ግን ያመልክቱ፤ እሱ ይቆጠርልዎታል።